የሙላው ጎፈሬ

ቆቦ ውስጥ እጄ ያልነካው ጭንቅላት ካለ ወይ የመላጣ ነው ወይ የመነኩሴ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ባላት ቤቴ ቆሜ የሰው ፀጉር ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ስለ ሰው ጭንቅላት ከእኔ ከይርጋ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። የውጩን ማለቴ ነው። የውስጡን ለካድሬዎች ትቼዋለሁ፤ እነሱ ሳይከፍቱም ያዩታል።

ከሁሉም ግን እንደ ሙላው ያለ ጭንቅላት አልገጠመኝም። በስልሳ ስምንትና በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት ሙላው የቆቦ ቁጥር አንድ አፍሮ ነበር። የኔ በር ጠባብ ናት፤ ሌላው ሰው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ሙላው ግን ጎፈሬውን መቃኑ እንዳይነካበት በጎኑ ዞሮ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ሙሽራ እንደሚያስገባ ሰው ተጠንቅቆ ነው የሚገባው። እኔም ሥራዬን ትቼ አየዋለሁ። «ግባ በል፣ አንተም ግባ፣ እሱም ይግባ» እለዋለሁ። አይስቅም። በፀጉሩ ቀልድ አያውቅም።

ሥራው ነዳጅ ማደያ ላይ ቀጂ ነው። አባቱ የሞቱበት፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ እጁ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ልጅ ነው። የዘመኑን ፋሽን ወደ ቆቦ የሚያስገባው ግን እሱ ነበር። ከየት ያመጣዋል በሉኝ። ከአውቶብስ! ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወጣው አውቶብስ ማደያው ጋ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ እግሩን ያፍታታል፣ ሻይ ፉት ይላል፣ ይሄዳል። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ሙላው የማን ሱሪ ስንት ስንዝር እንደሰፋ፣ የማን ኮሌታ እስከ ትከሻው እንደደረሰ ለቅሞ ይጨርሳል። ማታ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዶ በእጁ እየለካ ያስረዳል። ደሴዎች ከአዲስ አበባ ወሬ ሰምተው የሰፉትን እኛ በአሥር ደቂቃ አይተን እንሰፋዋለን። እንግዲህ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ገምቱት።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ የሱሪውን አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከአውቶብሱ ወረደ። ሙላው አየው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የቆቦ ጎረምሳ በሙሉ አንድ እግሩን ጠቅልሎ አስፋልቱን ሲያዳርስ ዋለ። አንድ ቅዳሜ መስሏችሁ ነው? ወር ሙሉ! በኋላ ሹፌሩን ስጠይቀው ለካ ሰውየው ጉልበቱ ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት ጨርቁ እየነካው ስላመመው ጠቅልሎት ኖሯል። ሮጬ ሄጄ ለሙላው ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አያ ይርጋ፣ ፋሽን መነሻው አይጠየቅም።»

የቅዳሜውን ነገርማ አታንሱት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ረገብ ሲል ወጣቱ ከማደያው እስከ ድልድዩ ወክ ያደርጋል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። የሚፈልጉት ነገር ድልድዩ ላይ የወደቀባቸው ይመስላሉ። አንዱ ትከሻው ላይ ትልቅ ቴፕ ተሸክሟል። ባትሪ ድንጋይ የለውም። ድንጋይ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቴፑን የሚሸከመው አንድ ነው፣ ዘፈኑን በአፉ የሚዘፍነው ሌላ ነው። ሌላው ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ወረቀቷን ከመስታወቱ ላይ አልላጣትም፣ አዲስ መሆኑ በምን ይታወቅለት? ገበያ የመጡት የራያ ሰዎች ግመላቸውን አቁመው በትዝብት ያዩዋቸዋል።

ከወክ በኋላ ሲቲ ቤት ነው። ሲቲ ሻይ ቤት አላት፤ ቦምቦሊኖዋ እውነት ለመናገር ይጣፍጣል። ችግሩ እሷም ዘመናዊ ልሁን ማለቷ ነው። ከደሴ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ኬክ ታስመጣ ጀመር። የቆቦን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኬኩ ደሴ ሲነሳ አበባ የተሳለበት ነው አሉ፤ ቆቦ ሲደርስ ግን ክሬሙ ከካርቶኑ ጋር ተጋብቶ፣ ላዩን አቧራ ለብሶ ነው የሚወርደው። ልጆቹ ለአራት አንድ ይገዛሉ። በእጅ አይበላም፤ ነውር ነው። ሹካው ደግሞ በቤቱ አንድ ነው፤ በተራ ነው። ለስላሳውን ሲቲ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ጠቅልላ «ቀዝቃዛ» ብላ ታቀርባለች።

«ሲቲ፣ ይሄ እኮ ሻይ ነው፤ ይፋጃል» አልኳት አንድ ቀን።

«ወላሂ ቀዝቃዛ ነው! ጠዋት ስነካው ቀዝቅዞ ነበር። አንተ አርፍደህ መጥተህ እኔ ምን ላድርግ?»

የሙላው ነገር የጀመረው እዚያ ቤት ነው። ቆንጅት የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ የመምህር ልጅ፣ ረጋ ያለች፣ ሳቋ ግን ሲያመልጣት ከአፏ በእጇ የምትመልሰው ዓይነት። ሙላው ለእሷ ሲል ነው ያን ሁሉ ፀጉር የተሸከመው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ የሹካው ተራ ደርሷት እጇ ላይ እያለ፣ እንዲህ አለችው።

«ክረምት ሲገባ አክስቴ ጋ ደሴ ልሄድ ነው። እዚያው ነው የምማረው። ፎቶ ስጠኝ። እንዲህ እንዳለህ ግን፣ ከነጎፈሬህ።»

ፎቶ በቀላሉ የሚገኝ መስሏችሁ! ቆቦ ፎቶ ቤት የላትም። እሸቴ የሚባል ፎቶ አንሺ ከደሴ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ። አውሮፕላን የተሳለበት አንሶላ አለው፤ እዚያ ፊት ትቆማለህ፣ ወደ ውጭ አገር የምትሄድ ትመስላለህ፣ ከዚያ ወደ ማደያህ ትመለሳለህ። ፋሲካ ያን ዓመት ሚያዝያ ሁለት ነበር የዋለው። ሙላው እስከዚያ ድረስ ጎፈሬውን በጤና ማድረስ ነበረበት። አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ይሁኔ ነው። ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር፤ «ለክቡርነትዎ» ያላለው ሰው አልነበረም። አብዮቱ ሲመጣ ግን ቃላቱን በአንድ ሌሊት ቀየረና ጓድ ሆነ። ተነስቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጎፈሬና ቤል ቦተም ሱሪ የኢምፔሪያሊዝም ርዝራዥ ናቸው አለ። ይባስ ብሎ አናርኪስቶች በራሪ ወረቀት ጎፈሬያቸው ውስጥ እየደበቁ እንደሚያዘዋውሩ ተደርሶበታል አለ። ማን ደረሰበት? ማንም አልጠየቀም። ስለዚህ በአሥር ቀን ውስጥ የከተማው ወጣት ሁሉ ፀጉሩን ይቆረጣል፤ ያልተቆረጠ የሚደርስበትን እሱ ያውቃል። ቆራጩም ጓድ ይርጋ ነው፤ በነፃ፣ በአብዮታዊ ግዴታ።

እንኳን ደስ አለህ ይርጋ! ጎፈሬ እያበጠርኩ በምኖርበት ሥራ ላይ በገዛ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሴ ልዘምት ነው። ተናደድኩ። ንዴቴ ደግሞ አፌን ያስከፍተኛል፤ እናቴም በዚህ ስትረግመኝ ነው የሞተችው። ከኋላ የተቀመጡ የገበሬ ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ የራያ ወንዶች፣ ጎፈሬያቸው በቅቤ ርሶ፣ የእንጨት ሚዶ ከላይ ሰክተው። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የእነሱስ?»

ዞሮ አያቸው። እነሱም አዩት። ዱላ ይዘዋል፣ ከከተማው ሰው በቁጥር ይበልጣሉ።

«የእነሱማ የጭቁኑ ገበሬ ባህል ነው!» አለ። «አብዮቱ የገበሬውን ባህል ያከብራል!»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያኔ የማያጨበጭብ እጅ ያላቸው ብዙዎች አልነበሩም።

ስትስቁ ይታየኛል። በዚያ ዓመት ግን አያስቅም ነበር። አናርኪስት የተባለ ልጅ ፀጉሩን ብቻ ቢቆርጡት እናቱ እልል ትል ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ሳይጠራ ተሰለፈ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጆንያ ሙሉ ፀጉር አወጣሁ። ቆቦ መላጣ ሆና ቀረች። ሙላው ብቻ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ያቺን በር በጎኑ ዞሮ ገባና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሦስት ሳምንት አያ ይርጋ! ሦስት ሳምንት ብቻ ቢታገሡኝ ምን ነበረበት?»

«ቶንዶሱ ቀዝቃዛ ነው፤ አይሰማህም» አልኩት።

«ምን ብዬ ነው የምሰጣት? መላጣ ፎቶ?»

እዚህ ላይ ነው የኔ ኃጢአት። ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ ቀልድ ይመጣብኛል። «ታዲያ ለምን ገበሬ አትሆንም?» አልኩት። «የገበሬ ጎፈሬ አይነካም ተብሏል። ትንሽ ቅቤ፣ አንድ ሚዶ፣ አለቀ።» እሱን ላሳቅ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ልጄ ይሙት። ሙላው ግን አልሳቀም። ብድግ አለና ግንባሬን ሳመኝ።

አጎቱ አያሌው ሮቢት አካባቢ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ የእናቱ ወንድም። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው ያጠፋው። ሙላው ማደያው ላይ ታምሜአለሁ ብሎ እዚያ ሄደ፤ ለመነ፣ አስቸገረ፣ እግሩ ሥር ወደቀ። አያሌውም መዝገቡን አውጥቶ መዘገበው፤ «የዚህ ደብዳቤ ያዥ ጓድ ሙላው የማኅበራችን አባልና ጭቁን ገበሬ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ደብዳቤ ጻፈለት፤ ማኅተሙንም ግጥም አደረገበት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሙላው ቆቦ ገባ። አቤት! ሽርጥ ታጥቋል፣ በረባሶ ተጫምቷል፣ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሟል፣ ሚዶ ሰክቷል። አንዲት ፍየል በገመድ ይጎትታል፤ ፍየሏም የተውሶ ናት። ቅቤው በዚያ ፀሐይ ቀልጦ በአንገቱ እየወረደ ደረቱ ላይ ደርሷል። እናቱ እትዬ ማሚቴ በሁዳዴ ቅቤ አይተው ሊያብዱ ደረሱ።

«በፆሙ? በፆሙ አንተ ልጅ?»

«እማዬ፣ አልበላሁት፤ ተቀባሁት እንጂ!»

ገበያ ውስጥ እውነተኞቹ ገበሬዎች ከበቡት። «ከወዴት ነህ?» አሉት። «ከሮቢት» አለ። «ማሽላው እንዴት ነው?» አሉት። «ጥሩ ነው፤ ሞልቷል» አለ፤ ስለ ጋን የጠየቁት ይመስል። በመጋቢት፣ ማሽላ ታጭዶ ማሳው ባዶ በሆነበት ወር! ሰዎቹ ተያዩና ፀሐይ የመታው ልጅ ነው ብለው አዝነው ውሃ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ጓድ ይሁኔ መጣ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። የሙላውን እጅ አነሳና አሸተተው።

«ገበሬ እጁ ቤንዚን ይሸታል?»

«የማኅበራችን ትራክተር ነዋ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ማኅበራችሁ ትራክተር አለው?»

«ሊመጣ ነው። እኔ እየተዘጋጀሁ ነው።»

ይሁኔ ያመነ አይምሰላችሁ። ሙላውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ማኅተም አለ። ይሁኔ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በማኅተም ነው፤ ማኅተም አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ስለዚህ እዚያው ደብዳቤው ሥር «ታይቷል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ የራሱን ማኅተም ከአያሌው ማኅተም ጎን መታበት፤ አንድ ግልባጭም ለራሱ አስቀረ። ሙላው ደስታውን አልቻለም። አሁን በሁለት ማኅተም ገበሬ ሆነ።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት የሙላው የደስታ ቀናት ነበሩ፤ መቼስ እውነቱን መናገር አለብኝ። በከተማው ጎፈሬ ያለው የከተማ ልጅ እሱ ብቻ ቀረ። መላጣ ጓደኞቹ በቅናት አረሩ። ቅዳሜ ደግሞ ቆንጅት ከጎኑ ሆና በግልጽ እስከ ድልድዩ ትሄዳለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቷ እግሯን ይሰብሩት ነበር። ማን ምን ይላታል? የሚጠይቃት ካለ «ጭቁኑን ገበሬ እያነቃሁ ነው» ትላለች። ጭቁኑም ፍየሏን እየጎተተ ይነቃል። ከዚያ ሲቲ ቤት ገብተው በአንዷ ሹካ ኬኩን ይካፈላሉ፣ ፍየሏ በር ላይ ታስራ የሲቲን ጆንያ ትበላለች።

«ያ ረቢ! ይችን ፍየልህን ከለስላሳዬ ላይ አንሳልኝ!» ትጮሃለች ሲቲ። ቆንጅት ሳቋ ያመልጣታል፤ በእጇ ትይዘዋለች። እኔ ከወንበሬ ሆኜ አያቸዋለሁ። ምክሬ ነው እያልኩ ኮራሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

በፋሲካ ማግሥት እሸቴ አውሮፕላኑን ይዞ መጣ። ያን ዕለት ጠዋት የሙላውን ራስ በሳሙና አምስት ጊዜ አጥቤ ቅቤውን አወጣሁለት። ከዚያ በሚዶ እያነሳሁ፣ በመቀስ እያስተካከልኩ፣ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሠራሁት። በሥራዬ እንደዚያ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህም አልሠራሁም። ዙሪያው እኩል፣ አንዲት ዘለላ ሳታፈነግጥ! መጋረጃዬ ጀርባ ቤል ቦተሙን ለብሶ ወጣ። በጓሮ በጓሮ እሸቴ አንሶላውን ወደዘረጋበት ሲቲ ግቢ አስገባሁት፤ አውሮፕላኑ ፊት ቆመ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከተተ። እሸቴ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ «እንዳትተነፍስ» አለው። ቀጭ! አለቀ። «ደሴ አጥቤ በሦስት ሳምንት ለይርጋ እልክለታለሁ» ብሎ አንሶላውን ጠቅልሎ ሄደ።

«በል አሁን ና ልቁረጥህ» አልኩት። «ፎቶውም ተነሳ፤ ገበሬነቱ ይብቃህ።»

«ፎቶው እስኪመጣ ልቆይ፣ አያ ይርጋ። ቢበላሽስ? ድጋሚ ብነሳስ?»

ይኼም ምክንያት ነው። እኔም እሺ አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእናት አገር ጥሪ መጣ። ገበሬው ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ጦር ሜዳ ይዘምታል፤ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ይህን ያህል ሰው ያዋጣል ተባለ። የአያሌው ማኅበር አሥራ አምስት ደረሰው። ሰውየው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ስም መጥራት ሲጀምር አንዱ አዛውንት ተነሱ። «ቆይ አያሌው» አሉት። «የእኛን ልጆች ከመጥራትህ በፊት የእህትህ ልጅስ? አባል አይደለም? በሬ የለው፣ ሚስት የለው፣ የሚታጨድ አዝመራ የለው። የኔ ልጅ ግን ሦስት ልጆች አሉት።» ትክክል ነዋ! የመጀመሪያው ስም ሙላው ሆነ።

አያሌው በማግሥቱ ሱቄ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። የሚቆረጥ ፀጉር አልያዘም፤ ዝም ብሎ መስታወቱን ያያል።

«ምን ልበላቸው ይርጋ? መዝገቡ ቀልድ ነበር ልበላቸው? የእነሱን ልጆች ልኬ የኔን ቀልድ ነው ልበላቸው?»

አፌ ያኔ ነው የተዘጋው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ቢዘጋ ምን ነበረበት!

ሙላው እየሮጠ ጓድ ይሁኔ ጋ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ!» አለው። «ማደያ ላይ ነው የምሠራው፤ ታውቀኛለህ!» ይሁኔ መሳቢያውን ከፈተና ግልባጩን አወጣ። ጣቱን ማኅተሙ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ የማን ማኅተም ነው? ይሄስ? ወይ ገበሬ ነህ፣ ወይ ደግሞ በሐሰት ሰነድ አብዮቱን አጭበርብረህ ጎፈሬህን የደበቅህ ሰው ነህ። ሁለተኛውን ከሆንክ ንገረኝ፤ አሁኑኑ ጥበቃ እጠራለሁ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። የቀበሌው እስር ቤት መስኮት ከይሁኔ ትከሻ በላይ ይታየኛል። ከመስኮቱ የሚያዩትን ልጆች በሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ የቆረጥኳቸው ናቸው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ፈራሁ። ሙላው ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና ለይሁኔ «ገበሬ ነኝ» አለው።

ዘማቾቹ እህል መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከመሳፈራቸው በፊት ሁሉም ይላጭ፣ ተባይ አለባቸው ተባለ። ማን ይላጭ? ጓድ ይርጋ ነዋ! ከስልሳ በላይ ነበሩ። ከጉርምስናቸው ጀምሮ መቀስ ነክቷቸው የማያውቁ የራያ ወንዶች፣ ሚዷቸውን ነቅለው በእጃቸው ይዘው አንድ በአንድ ተቀመጡልኝ። አንዱ ጎልማሳ ቶንዶሱ ሲነካው አለቀሰ፤ ሳያፍር። የገበሬውን ባህል እናከብራለን ያለው ጓድ ይሁኔ አጠገቤ ቆሞ ይቆጥር ነበር።

የሙላው ተራ ከሃምሳ ሰው በኋላ ደረሰ። በግቢው አጥር በኩል ቆንጅትን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፣ አሁን ግን የምትመልሰው ሳቅ አልነበረም። ሙላው ጀርባውን ሰጣት፤ ሲላጭ እንድታየው አልፈለገም። ቶንዶሱን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። እሱ ነው ያጽናናኝ።

«አያ ይርጋ፣ ጎኑን ትንሽ ተወው» አለኝ።

ጎኑንም ወሰድኩት። ሁለት ሰዓት ቆሜ የሠራሁት ሥራዬ ሁሉ እግሬ ሥር ወደቀ። ሙላው ራሱን በመዳፉ ዳሰሰና ፈገግ አለ፤ ሕፃን መሰለ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የጭነት መኪናዎቹ እየዘፈኑ ወጡ።

ፎቶው በሦስተኛው ቀን ደረሰ። አውቶብሱ ላይ ነው የመጣው፣ እንደ ፋሽኑ ሁሉ። ምን ዓይነት ፎቶ! አልተበላሸም። ለቆንጅት ወስጄ ሰጠኋት። ቆማ ብዙ አየችውና መለሰችልኝ። «አባቴ ካገኘው ያቃጥለዋል። አንተ ጋ ይቀመጥ፤ እየመጣሁ አየዋለሁ» አለችኝ። መስታወቴ ጥግ ላይ ሰካሁት። በየቅዳሜው ወክ ሲጀመር ትመጣለች፤ መስታወት የምታይ መስላ ታየዋለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። ደሴ እስከሄደችበት ቀን ድረስ አላቋረጠችም። ከዚያ በኋላ ፎቶውን የሚያዩት ደንበኞች ሆኑ። «እንደዚህ ልጅ ቁረጠኝ» ይሉኛል። አልችልበትም እላቸዋለሁ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምህረት፣ በጥቅምት፣ አንድ ሰው በሬን ቀጥ ብሎ ገባ። ባርኔጣ እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ በከዘራ ይሄዳል። ምንም ሳይል ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። አላወቅሁትም። ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳስር መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ፎቶ በጣቱ አሳየኝ።

«እንደዚያ ልጅ አድርገኝ፣ አያ ይርጋ።»

ባርኔጣውን አወለቀው። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ እሳት በልቶታል። ቆዳው የተሸበሸበና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከአንዱ ጆሮው ኋላ ካለች ጥቂት ፀጉር በቀር ምንም የለበትም፣ ከእንግዲህም አይበቅልበትም። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ጭንቅላት እጄ ነክቶ አያውቅም።

መቀሴን አነሳሁ፤ ሚዶውንም አነሳሁ። ከቆዳው አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ፣ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ባዶውን አየር መቁረጥ ጀመርኩ። ዙሪያውን እኩል እያደረግሁ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ እያልኩ እያየሁ፣ የወጣች ዘለላ እየመለስኩ። በር ላይ የቆሙት ደንበኞች ይርጋ አበደ ሳይሉ አልቀሩም። ይበሉ።

«ፎቶውን አየችው?» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ።

«በየቅዳሜው» አልኩት።

መቀሴ ብቻ ይሰማል። እንባዬ አላሳየኝ ሲል እጄን አወረድኩ።

«ምነው አቆምክ?» አለኝ። «ገና ጎኑ አልተስተካከለም።»